«ነፃነታችን ትርጉም የለውም»፦ የንክሩማህን ቃል ለተማሪዎች እንዴት እናስተምር?

የታሪክ መምህርት

ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። የአፍሪካ አገሮች ከቅኝ አገዛዝ የተላቀቁበትን ዘመን ሳስተምር ሁልጊዜ የምጀምረው ከጋና ነው፤ ምክንያቱም ቀኑ ለልጆቹ ይቀርባቸዋል። እኛ የካቲት 23 ቀን ዓድዋን አክብረን ገና የበዓሉ ስሜት ሳይለቀን፣ በአራተኛው ቀን፣ የካቲት 27፣ ጋናውያን የነፃነት ቀናቸውን ያከብራሉ። በእኛ አቆጣጠር ዘመኑ 1949 ነበር፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ግን ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጋቢት 6 ቀን 1957 እኩለ ሌሊት ላይ፣ የጋናው መሪ ክዋሜ ንክሩማህ በዋና ከተማዋ በአክራ አሮጌው የፖሎ ሜዳ ለተሰበሰበው ሕዝብ ትግሉ በመጨረሻ እንዳበቃና የሚወዷት አገራቸው ጋና ለዘላለም ነፃ እንደሆነች አበሠሩ። በዚያው ንግግር ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚታወሰውን ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፦ «ነፃነታችን ከመላው አፍሪካ ፍጹም ነፃነት ጋር ካልተሳሰረ በቀር ትርጉም የለውም።» ይህን ቃል በየዓመቱ በሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ተማሪዎቹም በደብተራቸው ይገለብጡታል።

ዘንድሮ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ከክፍል ውጭ ያነበበችው ነገር ነበር። «መምህር፣ እኚህ ሰው ይህን ከተናገሩ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ሰውን ያለ ፍርድ የሚያሳስር ሕግ አውጥተዋል፤ ታዲያ ያን ሌሊት ያወጁት የማንን ነፃነት ነው?» አለችኝ። እኔም ሰው ሁሉ በጎና ክፉ ገጽታ አለው ብዬ ወደ ሚቀጥለው ርዕስ አለፍሁ። ልጅቷ በመልሴ እንዳልረካች ከፊቷ ያስታውቅ ነበር፤ እኔም አልረካሁም።

ስለዚህ እናንተን መጠየቅ ፈለግሁ። የአገር መሥራች የተባለ ሰው ቃሉና ሥራው ሲጣረሱ ቃሉን ብቻ ማስተማር ልጆችን ማታለል ይመስለኛል። ሥራውን አንሥቶ ቃሉን ማጣጣል ደግሞ ያን ሌሊት በሜዳው ላይ በደስታ ያለቀሱትን ሰዎች መካድ ይሆንብኛል። ከመካከላችሁ በዚህ ጉዳይ ላይ ያነበበ፣ በጋና የኖረ ወይም እንደ እኔ በክፍል ውስጥ የተፈተነ ቢኖር ሐሳቡን ቢያካፍለኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

አሮጌ መዝገብ

የተከበሩ መምህርት፣ ጥያቄዎ የቆየ ሆኖ ሳለ ተማሪዎ ያቀረበችበት መንገድ ግን ትክክለኛው ነው፤ ስለዚህ ዘለግ አድርጌ እመልሳለሁ።

በመጀመሪያ ያንን ዓረፍተ ነገር ደግመን እናንብበው። ብዙ ጊዜ የድል ቃል ሆኖ ይጠቀሳል፤ በእውነቱ ግን ቅድመ ሁኔታ ነው። ተናጋሪው አገራቸው ነፃ በወጣችበት ሌሊት፣ ሕዝቡ በደስታ በሚጮህበት ሰዓት፣ ይህ ደስታ አንድ ነገር ካልተፈጸመ ባዶ ነው ማለታቸው ነበር። በበዓል ቀን እንዲህ ያለ ዕዳ በራሱና በሕዝቡ ላይ የሚጭን መሪ ብዙ አይገኝም። ዕዳውንም ቢያንስ ከድንበር ውጭ ከፍለዋል ማለት ይቻላል። በሚያዝያ 1958 ኢትዮጵያን ጨምሮ ነፃ የሆኑ ስምንት የአፍሪካ አገሮችን በአክራ ሰበሰቡ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ገና በቅኝ አገዛዝ ሥር ያሉ ሕዝቦችን ንቅናቄዎች ጠሩ፤ የኮንጎው ፓትሪስ ሉሙምባም ከመጡት አንዱ ነበሩ። ጊኒ የፈረንሳዩን መሪ የደ ጎልን የማኅበር ሐሳብ አልቀበልም ብላ ፈረንሳይ ጥላት ስትወጣ ጋና 10 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ለመስጠት ቃል ገባች። በግንቦት 1963 ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ መጥተው አሁኑኑ ካልተባበርን እንጠፋለን ብለው ተሟገቱ፤ ንግግራቸውንም የቋጩት ስለ ኢትዮጵያ በተገጠመ ግጥም ነበር።

ይህ ሐሳብ ከየት እንደመጣ ማወቅም ለልጆቹ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ንክሩማህ በ1935 ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሲሄዱ በለንደን በኩል ሲያልፉ፣ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን መውረሩን የሚናገር የጋዜጣ ሻጭ ማስታወቂያ አይተው ነበር። ስለ ሕይወታቸው በጻፉት መጽሐፍ ላይ በዚያች ቅጽበት መላዋ ለንደን በእርሳቸው ላይ በግል ጦርነት ያወጀችባቸው ያህል እንደተሰማቸው ገልጸዋል። ከጎልድ ኮስት (ጋና በቅኝ አገዛዝ ዘመን ትጠራበት ከነበረው አገር) የመጣ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት በማያውቀው አገር ላይ የወረደውን መከራ የራሱ መከራ አድርጎ ወሰደው። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ የእኛ ነፃነት ብቻውን ትርጉም የለውም ሲሉ ይህ በውስጣቸው ነበረ ማለት ድፍረት አይሆንብኝም።

አሁን ወደ ተማሪዎ ጥያቄ ልምጣ። ንክሩማህ እስር ቤትን በወሬ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። የካቲት 28 ቀን 1948 በአክራ በሰላም ሲሰለፉ የነበሩ የቀድሞ ወታደሮች ላይ የቅኝ ገዥው ፖሊስ ተኩሶ ሦስቱን ሲገድል ብጥብጥ ተነሣ፤ አስተዳደሩም ንክሩማህንና አምስት ባልደረቦቻቸውን አሰረ። ጋናውያን እነዚህን ሰዎች «ስድስቱ ታላላቆች» ይሏቸዋል፤ እነርሱም ጄ.ቢ. ዳንኳህ፣ ኦቤትሴቢ ላምፕቴ፣ አኮ አጄይ፣ ኤድዋርድ አኩፎ አዶ፣ ዊሊያም ኦፎሪ አታና ንክሩማህ ራሳቸው ናቸው። በ1950 ንክሩማህ እንደገና ታሰሩ፤ በየካቲት 1951 በተደረገው ምርጫ እስር ቤት ሆነው አሸነፉ፤ ከእስር ቤት ወጥተውም መንግሥት መሩ። በነፃነት ሌሊት እርሳቸውና ጓደኞቻቸው በራሳቸው ላይ ያደረጉት ቆብ የእስር ቤት ምሩቅ መሆናቸውን የሚናገሩ ሁለት ፊደላት የተጠለፉበት ነበር። ያለ አግባብ መታሰር ምን እንደሆነ እንደ ክብር ምልክት በራሳቸው ላይ አድርገውት ቆመው ነበር ማለት ነው።

በሐምሌ 1958 የወጣው ሕግ ግን መንግሥት ለጸጥታ ያሰጋል ያለውን ሰው ያለ ክስና ያለ ፍርድ እስከ አምስት ዓመት እንዲያስር ፈቀደ። ከስድስቱ ታላላቆች መካከል ኦቤትሴቢ ላምፕቴ በ1963 በእስር ላይ እንዳሉ ሞቱ። «ጋና» የሚለውን ስም ለአገሪቱ ያቀረቡት ዳንኳህም የካቲት 4 ቀን 1965 በንሳዋም እስር ቤት አረፉ። አገሪቱን በስም የጠሩ ሰው አገሪቱ ነፃ በወጣች በስምንተኛው ዓመት በእስር ቤቷ ሞቱ።

ስለዚህ እኔ ብሆን ለተማሪዋ የምመልሰው እንዲህ ነው፦ ጥያቄሽ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ ንክሩማህ ራሳቸው ባስተማሩት ቃል ንክሩማህን መጠየቅ ነው። ቃሉን ከሰውየው ነጥለን አንሰቅለውም፤ ሰውየውም ስለወደቁ ቃሉን አንጥለውም። በዚያ ቃል መጀመሪያ የሚመዘኑት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ሚዛን ይጠበቅ

ከላይ የተጻፈውን በአክብሮት አነበብሁት፤ ሆኖም አንድ ነገር የተዘለለ መሰለኝ። ዛሬ ተቀምጠን ስንፈርድ ጊዜው ምን ያህል አስጊ እንደነበረ መርሳት ቀላል ነው። ገና ነፃነት ሳይመጣ በአሻንቲ አካባቢ ፌዴራላዊ አስተዳደር የሚጠይቅ ብርቱ ንቅናቄ ተነሥቶ ነበር፤ በኩማሲ ደም ፈስሷል፤ በ1955 በንክሩማህ ቤት ላይ ቦምብ ፈንድቷል። በነሐሴ 1962 በኩሉንጉጉ በተወረወረባቸው ቦምብ ለጥቂት ተረፉ። መጨረሻም በየካቲት 1966 ለጉዞ ወደ ቬትናም ሲሄዱ ወታደሮች ሥልጣናቸውን ወሰዱባቸው፤ ዳግመኛ የጋናን ምድር ሳይረግጡ በ1972 በቡካሬስት ሞቱ። ሥጋታቸው ባዶ ቅዠት እንዳልነበር ታሪክ አረጋግጧል። አዲስ የተወለደች አገርን የመበታተን አደጋ እያንዣበበባት የመራ ሰው ከተረጋጋ አገር መሪ ጋር በአንድ ሚዛን ሊመዘን አይገባም እላለሁ። መምህርት፣ ይህንንም ለልጆቹ ይንገሯቸው፤ አለዚያ ፍርዳቸው ጎደሎ ይሆናል።

አሮጌ መዝገብ

ሥጋቱ እውነተኛ እንደነበር እቀበላለሁ፤ በመልሴ ሳላነሣው መቅረቴም ስሕተት ነው። ነገር ግን የቅደም ተከተሉን ጉዳይ ልብ እንበል። ሕጉ የወጣው በ1958 ነው፤ የኩሉንጉጉ ቦምብ የተወረወረው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። የቦምቡን ሥጋት ሕጉ አላስቀረውም፤ ይልቁንም ተቃዋሚ በአደባባይ የሚናገርበት ቦታ እየጠበበ ሄዶ በ1964 አገሪቱ በሕዝበ ውሳኔ ስም የአንድ ፓርቲ አገር ሆነች። መሪውን በምርጫ ማውረድ የማይቻልበት አገር ውስጥ ወታደር ሲያወርደው ብዙ ሰው በአክራ ጎዳና ላይ መጨፈሩም የዚህ ውጤት ይመስለኛል። ደግሞም በ1960 ዳንኳህ በምርጫ ከንክሩማህ ጋር ተወዳድረው የተሸነፉ ሰው ነበሩ፤ ተሸንፎ በሰላም ቤቱ የገባን ተወዳዳሪ ማሰር አገርን ከመበተን ያድናል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

በአክራ የኖርሁ

በሥራ ምክንያት በአክራ ለጥቂት ዓመታት ኖሬ ስለነበር ጋናውያን ራሳቸው ይህን ጥያቄ እንዴት እንደያዙት ልንገራችሁ። እኛ ከሩቅ ሆነን የምናስበውን ያህል የተዘጋ ጉዳይ አይደለም፤ እስከ ዛሬም የሚያከራክራቸው፣ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር በሕግ የሚለዋወጥ ጉዳይ ነው።

በ2009 ንክሩማህ የተወለዱበት መቶኛ ዓመት ሲደርስ በወቅቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆን አታ ሚልስ የልደት ቀናቸውን፣ መስከረም 21ን፣ «የመሥራቹ ቀን» ተብሎ እንዲከበር አደረጉ። በ2019 ደግሞ ፕሬዚዳንት ናና አኩፎ አዶ ነሐሴ 4ን «የመሥራቾች ቀን» አሰኙት፤ መስከረም 21 የንክሩማህ መታሰቢያ ብቻ ሆነ። የነሐሴ 4 ምርጫ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በ1897 የአገሬውን ሰዎች የመሬት መብት ለማስከበር የቆመው ማኅበር የተመሠረተው በዚያ ቀን ነው፤ በ1947 በሶልትፖንድ ዳንኳህና ባልደረቦቻቸው የመጀመሪያውን የፖለቲካ ድርጅት የመሠረቱትም በዚያው ቀን ነው። ንክሩማህን ከለንደን ያስመጣው ይኸው ድርጅት ነበር፤ እንዲጠሩ ያሳሰቡትም አኮ አጄይ ናቸው። የለወጡት ፕሬዚዳንት ከስድስቱ ታላላቆች የአንዱ ልጅ መሆናቸውን ደግሞ በአክራ የማያውቅ ሰው የለም፤ ስለዚህ ተቃዋሚዎቻቸው የአባታቸውን ስም ወደ መሥራቾቹ ተርታ ለመግፋት ነው ይሏቸው ነበር። በ2025 ሌላ መንግሥት መጥቶ ቀኑን ወደ መስከረም 21፣ ስሙንም ወደ ነጠላው መለሰው።

በእንግሊዝኛ ልዩነቱ አንዲት የነጥብ ምልክት የት ትቀመጥ የሚል ነው። በአማርኛ ግን «መሥራቹ» እና «መሥራቾች» ስንል ልዩነቱ በጆሮ ይሰማል፤ ምናልባት ተማሪዎችዎ ከጋናውያን ይልቅ ቶሎ ይረዱት ይሆናል። ክርክሩ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። አገርን የመሠረተው አንድ ሰው ነው ካልን ያ ሰው የተናገረው ቃል የአገሪቱ ቃል ይሆናል፤ የተቃወመው ሁሉ ደግሞ አገርን የተቃወመ ይመስላል። ብዙ ሰዎች ናቸው ካልን ግን እርስ በርስ የሚከራከሩ ቃሎችን ነው የወረስነው። ንክሩማህ «አሁኑኑ ራሳችንን እናስተዳድር» ሲሉ ዳንኳህና ጓደኞቻቸው «በተቻለ አጭር ጊዜ ውስጥ» ይሉ ነበር። ሕዝቡ የመረጠው «አሁኑኑ» የሚለውን ነው፤ እኔም በዚያ ሜዳ ላይ ብገኝ ያንን እመርጥ ነበር። ይሁን እንጂ በኋላ፣ መንግሥት ያለ ፍርድ ማሰር ሲጀምር፣ የሕግን ነገር ሲያነሡ የነበሩት እነዚያ ቀስ እንበል ባዮች ነበሩ።

በአክራ የምወደው አንድ ነገር ነበር። ከ2007 ጀምሮ በወጡት የሴዲ (የጋና ገንዘብ) ኖቶች ላይ ስድስቱም ጎን ለጎን ታትመዋል፤ አሳሪውም ታሳሪውም በአንድ ወረቀት ላይ ናቸው። በ2010 የወጣው የሁለት ሴዲ ኖት ላይ ደግሞ ንክሩማህ ብቻቸውን ናቸው። ገበያ ወጥቼ መልስ ስቀበል ሁለቱ ኖቶች በእጄ ላይ ይገናኙ ነበር፤ አገሩ ሁለቱንም መልስ በአንድ ኪስ ይዞ እንደሚኖር ያየሁት ከዚያ ነው። ለልጆቹ የኖቶቹን ሥዕል ቢያሳዩአቸው ከረጅም ገለጻ ይሻላል።

ሰዋስው

ስለ ታሪኩ ከላይ የተጻፈው ይበቃል፤ እኔ ስለ ቃሉ ብቻ ልናገር። መምህርት በሰሌዳ ላይ የሚጽፉት የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ነፃነት» ሁለት ጊዜ ይገኛል፤ በመነሻው ቋንቋ ግን እነዚህ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የመጀመሪያው አንድ አገር በሌላ አገር ሥር አለመሆኑን የሚናገር ነው፤ ሁለተኛው ከጭቆና አርነት መውጣትን የሚናገር ነው። በጋና አርማና በአክራው የነፃነት ቅስት ላይ ከ«ፍትሕ» ጋር ተጣምሮ የተጻፈው ደግሞ ሦስተኛ ቃል ነው፤ እርሱ የእያንዳንዱን ሰው ነፃ መሆን ይመለከታል። አማርኛ ሦስቱንም በአንድ ቃል ጠቅልሎ ይዟል።

ብዙ ሰው ይህን የቋንቋችን ድህነት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ሀብት ሆኖ አገኘሁት። በአማርኛ አገር «ነፃ ወጣች» እንላለን፤ ባሪያ «ነፃ ወጣ» እንላለን፤ ተከሳሽም በፍርድ ቤት «በነፃ ተሰናበተ» እንላለን። የተማሪዋ ጥያቄ የተወለደው ከዚህ አንድነት ነው ብዬ እገምታለሁ፤ በአማርኛ የሚያስብ ልጅ አገር ነፃ ሆና ሰው ነፃ ያልሆነበትን ሁኔታ ሲሰማ ቃሉ ራሱ ይጎረብጠዋል። ምሳሌ ልስጥ። ከኩሉንጉጉው ቦምብ በኋላ አኮ አጄይ ተከሰው በታኅሣሥ 1963 ልዩ ፍርድ ቤት በነፃ አሰናበታቸው፤ በዚያው ወር ንክሩማህ የፈረዱትን የአገሪቱን ዋና ዳኛ ከሥልጣን አነሡ፤ ጉዳዩም እንደ አዲስ ታይቶ አኮ አጄይ ሞት ተፈረደባቸው፤ በኋላ ቅጣቱ ወደ እስራት ተለወጠ። «ለዘላለም ነፃ ሆነች» በተባለች አገር «በነፃ ተሰናበተ» የሚለው ፍርድ አንድ ወር አልቆየም። ለልጆቹ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ይጻፉላቸውና «ነፃ» በሚለው ሥር ያስምሩበት።

የሰፈሩ ሰው

እኔ የታሪክ ሰው አይደለሁም፤ ያደግሁት ግን አሁን የአፍሪካ ኅብረት ትልቁ ሕንጻ በቆመበት አካባቢ ነው። መምህርት፣ በ2012 ሕንጻው ሲመረቅ የንክሩማህ ሐውልት በግቢው ውስጥ መቆሙን ያውቃሉ። ያ ግቢ ቀድሞ ምን እንደነበረ ግን ልጆቹ ላያውቁ ይችላሉ። ከርቸሌ ነበር፤ «ዓለም በቃኝ» የሚባለው እስር ቤት በዚያ ነበር፤ ብዙ ሰው ያለ ፍርድ የገባበትና ብዙ ሰው ያልወጣበት ግቢ ነው። እናቶቻችን በዚያ በር በኩል ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ንክሩማህ ዛሬ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው የቆሙት በዚያ መሬት ላይ ነው። ስለ ጋና ስትነጋገሩ ይህም እንዲታወስ ብዬ ነው የጻፍሁት።

የታሪክ መምህርት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ይህን ያህል መልስ አልጠበቅሁም ነበር። የመጨረሻውን መልእክት ካነበብሁ በኋላ ለረጅም ሰዓት ሌላ ነገር መሥራት አልቻልሁም፤ ከርቸሌ እንደነበረ ባውቅም ከሐውልቱ ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር።

«ሚዛን ይጠበቅ» ያሉትን ወንድሜን ሥጋቱን ስላስታወሱኝ አመሰግናለሁ፤ በትምህርቱ ውስጥ አካትተዋለሁ፤ ነገር ግን ከ«አሮጌ መዝገብ» ጋር እስማማለሁ። ሥጋት ሕጉ ለምን እንደወጣ ያስረዳል፤ ዳንኳህ ለምን በንሳዋም እንደሞቱ ግን ለልጅቷ ላስረዳት አልችልም።

በሚቀጥለው ሳምንት ትምህርቱን እንደ አዲስ እጀምረዋለሁ። በሰሌዳው ላይ የመጋቢት 6ቱ ቃል በግራ በኩል ይጻፋል፤ በቀኝ በኩል ከሐምሌ 1958ቱ ሕግ ያለ ፍርድ እስከ አምስት ዓመት ማሰርን የሚፈቅደው ሐሳብ ይጻፋል፤ በመካከላቸው በ«ሰዋስው» ምክር መሠረት «በነፃ ተሰናበቱ» የሚለው ይገባል። የሴዲ ኖቶቹንም ሥዕል አትሜ አከፋፍላለሁ። ትርጉሙን በተመለከተ ሦስቱን ቃላት ሳልለያይ «ነፃነት» በሚለው እተወዋለሁ፤ ልጆቹ ራሳቸው ይለዩአቸው።

ጥያቄውን ላነሣችው ተማሪ ደግሞ ባለፈው የሰጠኋት መልስ ትክክል እንዳልነበረ በክፍሉ ፊት እነግራታለሁ፤ ከዚያም በግራ በኩል ያለውን ቃል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንድታነብልን እጠይቃታለሁ። ከትምህርቱ በኋላ በእግር ወደ ኅብረቱ አጥር እንሄዳለን፤ ሐውልቱ ከመንገድ ይታይ እንደሆነ የሰፈሩ ሰው ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የሰፈሩ ሰው

ወደ ግቢው ለመግባት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አስቀድመው በትምህርት ቤቱ ስም ደብዳቤ ይጻፉ። ካልተሳካም ይምጡ፤ የአሮጌው በር የት እንደነበረ እኔ አሳያቸዋለሁ።